የእናትነሽ ዋሶች

መምህርት እናትነሽ ማንኩሳ ላይ አስራ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ ስታስተምር፣ አንድም የእንግሊዝኛ ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር አንብባ አታውቅም ነበር። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷ የምታወራው ነው። ሰዋስውማ ከእጇ አያመልጥም። ቀይ እስክሪብቶዋ ከጅጋ እስከ ቡሬ የታወቀ ነው፤ የሠርግ መጥሪያ ካርድ ሲደርሳት እንኳ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጎን አርማ ካልጨረሰች ሠርጉ አትሄድም ይባላል። ልቦለድ ግን መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በቁራጭ የሚመጣውን፣ ከሥሩ አምስት ጥያቄ የተደረደረበትን ብቻ ነበር የምታውቀው።

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ እስካሁን ስንት የእንግሊዝኛ ልቦለድ አንብበዋል?» አለቻት። እናትነሽ ሳታስብ «ብዙ» አለች። ልጅቷ ደብተሯን ከፈተችና፣ «እስኪ የሦስቱን ርዕስ ይንገሩን፣ ፈልገን እንድናነባቸው» አለች። በቅንነት ነው የጠየቀችው፤ ክፋቱም እሱ ነው። ልክ በዚያች ደቂቃ ደወሉን የደወለው ዘበኛ፣ በልቧ ምን ያህል እንደመረቀችው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ያ «ብዙ» ያለችው ነገር እንቅልፍ ነሳት። የግብርና ባለሙያ የሆነው ባሏ አብተው፣ «ከሱቅ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ግዥና አንብበሽ ተገላገይ» አላት። አልሰማችውም። «ብዙ» ብላ የዋሸች ሴት በአንድ ቀጭን መጽሐፍ አትታረቅም ብላ፣ በአርባ አራት ዓመቷ በኦንላይን ለሚሰጥ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገበች።

ማስታወቂያው «ባሉበት ሆነው ይማሩ» ይል ነበር። ያሉበት ማንኩሳ ሊሆን እንደሚችል ጸሐፊው አላሰበም። ኔትወርኩ ለወራት ጭልጥ ብሎ የጠፋበት ጊዜ ነበር፤ ከተመለሰም በኋላ የመምህሩ አፍ ሲከፈት ታያለች፣ ድምፁ ግን ሌላ ቀን ይመጣል። በሁለት ዓመት ያልቃል የተባለው ትምህርት ሦስተኛውን ያዘ።

ለትምህርቱ የሚበቃ ኔትወርክ የምታገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ስልኳን ሽቅብ ይዛ ከጓሮዋ ጀምራ ከተማውን ስትዞር ከረመችና፣ ከከተማው ጫፍ ከፍ ካለችው የገብረሰንበት ወፍጮ ቤት፣ ከጆንያው ክምር ላይ ስትቀመጥ ሦስት መስመር አገኘች። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ የጠዋት ፈረቃዋን አስተምራ እንደጨረሰች፣ ለይስሙላ ትንሽ ጤፍ አንጠልጥላ ወፍጮ ቤት መሄድ ሆነ ሥራዋ። ጤፉ ቶሎ ይፈጫል፤ እሷ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ አትነቃነቅም።

እዚያ ደግሞ መብራት አለ፣ ማለትም ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፤ ከገጠር እህሉን ጭኖ የመጣው ሰው ዱቄቱን ሳይዝ አይመለስምና ጆንያው ላይ ይኮለኮላል። ከእነዚህ ሐሙሶች በአንዱ ነው አያ ኪዳነ ማርያም፣ «መምህሯ፣ ከዚያ ስልክ ላይ ምን ጠፍቶብሽ ነው እንዲህ የተደፋሽበት?» ያሏት። አያ ኪዳነ ማርያም ሰባን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ አገር ወሰን የተጣላ ሰው ሁሉ የሚጠራው እሳቸውን ነው፤ ሰላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ድንበር ሲያካልሉና ሲያስታርቁ ኖረዋል። ማንበብ አይችሉም፣ ያነበበ ሰው የሚለውን ግን ዝም ብለው አይቀበሉም።

«መጽሐፍ ነው አያ» አለች። «ለመመረቂያዬ የምጽፍበት።»

«ስለምን ያወራል?»

«ስለ ሁለት እህትማማቾች። በአባታቸው የፖም አጸድ ተጣልተው…»

«በወሰን?»

«በወሰን።»

አያ ኪዳነ ማርያም የተቀመጡበትን ጆንያ ጠጋ አደረጉ።

መጽሐፉ የቆየ የእንግሊዞች ልቦለድ ነው። ማርታና ኤለን የሚባሉ እህትማማቾች የአባታቸውን የፖም አጸድ በድንጋይ ካብ ለሁለት ይካፈላሉ፤ ከአጸዱ ውስጥ ያለው ቤት ለማርታ ይደርሳታል። አንድ ቀን ጠዋት ካቡ ከነበረበት ስምንት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አይነጋገሩም፤ ደብዳቤ ብቻ ይጻጻፋሉ፤ ደብዳቤውን የሚያመላልሰው የመንደሩ ፖስተኛ ነው፤ የዕርቅ ደብዳቤ ሁሉ ግን መልስ ሳያገኝ ይቀራል። በመጨረሻ ማርታ ሳይታረቁ ትሞታለች፣ ኤለን አገር ጥላ ትሄዳለች። ታሪኩን ሁሉ በስተርጅናው ቁጭ ብሎ የሚተርከው ያ ፖስተኛ ነው። ካቡን ማን እንደገፋው ግን መጽሐፉ አይናገርም። የእንግሊዝ ሊቃውንት መቶ ዓመት ሲጽፉበት ኖረው አብዛኞቹ በማርታ ፈርደዋል።

ወፍጮ ቤቱ እንደ ሊቃውንቱ ቶሎ አልፈረደም። በሦስተኛው ሐሙስ ለሁለት ተከፈለ፤ በግራ በኩል ያለው ጆንያ የማርታ ወገን፣ በቀኝ ያለው የኤለን ወገን። ኤለንንማ «እሌኒ» ብለው ክርስትና አነሷት። እህል ሳይዝ የሚመጣው ሰው እህል ከያዘው በለጠ። አንድ ቀን ደብዳቤ ሲነበብ ድንገት መብራት መጣና ገብረሰንበት ወፍጮውን ሊያስነሳ ሲነሳ፣ ቤቱ ሙሉ በአንድ አፍ «ተው፣ ምዕራፉ ይለቅ» አለው። ወፍጮ ከገዛ ጀምሮ መብራት እያለ ሥራ የፈታበት ቀን እሱ ብቻ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ያማርራል። እሱም የማርታ ወገን ነበር፤ ይህን ግን አይናገርም።

ወገን ያልያዘች አንዲት ሴት ነበረች፣ አልጣሽ። ወፍጮ ቤቱን ትጠርጋለች፣ የሰው እህል ታበጥራለች። ዕድሜዋ ከእናትነሽ ጋር ሊሆን ይችላል፤ የጠየቃት የለም። ሰፌዷን እየነቀነቀች ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ትስማ አትስማ አይታወቅም ነበር።

በስምንተኛው ይሁን በዘጠነኛው ሐሙስ እናትነሽ የመጨረሻውን ምዕራፍ እያነበበች በአማርኛ ትገለብጥላቸው ነበር። ፖስተኛው እንዲህ ይላል፤ «ይህን ስጽፍ የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ትገባለች፤ የፖም ዛፎቹ ጥላ ከጠረጴዛዬ ላይ ይወድቃል፤ ካቡም ከዛፎቹ ባሻገር ይታየኛል።» አልጣሽ ከአያ ኪዳነ ማርያም ጋቢ ላይ የተነሰነሰውን ዱቄት ልታራግፍ ጎንበስ አለችና የሆነ ነገር ተናገረች፤ ስለ ዱቄቱ ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይቶ አያ ኪዳነ ማርያም በዘንጋቸው ወለሉን መቱ።

«ቆይ። መስኮቱ የማን ነው?» አሉ።

«የቱ መስኮት አያ?»

«ይኸ ሰውዬ ተቀምጦ የሚጽፍበት። ዛፎቹ ከፊቱ፣ ካቡ ከዛፎቹ ወዲያ ከሆነ፣ ያለው ከአጸዱ ውስጥ ነው። ከአጸዱ ውስጥ ያለው ቤት ደግሞ የሟቿ ነው። ፖስተኛው እዚያ ምን ይሠራል?»

እናትነሽ ስልኳ ላይ ገጹን እንደገና አወጣች። ሁለት ጊዜ አነበበች። መቶ ዓመት ሙሉ እህትማማቾቹን ሲከሱ የኖሩት ሊቃውንት ተራኪውን ፖስተኛ «የማን ቤት ቁጭ ብለህ ነው የምታወራው?» ብለው አልጠየቁትም። ፖስተኛው ቤቱን ወርሶታል። የዕርቅ ደብዳቤዎቹን ያስቀረው፣ ካቡንም ሳይገፋው ያልቀረው እሱ ነው። ያን ዕለት ማታ ለአብተው ስትነግረው ራቷን ረስታ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፏን በዚህ በመስኮቱ ላይ ጻፈችው። ከሁለት መቶ በላይ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ በእጇ ጻፈች፤ ፍኖተ ሰላም ወስዳ ኮምፒዩተር ቤት አስተየበችው፤ በቀይ እስክሪብቶዋ አምስት ጊዜ አረመችውና ላከችው። በማጣቀሻው ዝርዝር ውስጥ ሰላሳ ዘጠኝ ሊቃውንት ደረደረች። ወፍጮ ቤቱን ግን አልጠቀሰችም። ወፍጮ ቤት እንዴት ይጠቀሳል? ገጹስ ስንት ነው? ደግሞም እውነቱን ለመናገር አፍራ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ፕሮፌሰሮች መካከል ጆንያ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ማስገባት ጽሑፏን የሚያራክሰው መሰላት። «እኔ እንደምለው» ብላ ጻፈች።

በሦስተኛው ሳምንት ከአማካሪዋ ከዶክተር ያምሮት ደብዳቤ መጣ። ጽሑፉ በመመርመሪያው ሶፍትዌር አልፎ ሰማንያ አንድ ከመቶው «በማሽን የተጻፈ» ተብሏል። ደብዳቤው ምክንያቱንም ዘርዝሯል፤ ጽሑፉ አንድም የሰዋስው ስሕተት የለበትም፣ የመስኮቱ ክርክር ደግሞ በየትኛውም ምንጭ አልተገኘም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በኦንላይን ስብሰባ ቀርባ ራሷ እንደጻፈችው ታስረዳ፤ ረቂቆቿንም ታሳይ፤ ካልሆነ ጽሑፉ ተሰርዞ ከትምህርቱ ትሰናበታለች።

እናትነሽ ደብዳቤውን አልጋ ላይ ተኝታ አነበበችው። ከካልሲ ውስጥ፣ ከብብት ሥር፣ አንድ ጊዜም ከዳቦ ውስጥ የኩረጃ ወረቀት ያወጣች መምህርት ናት። ስንቱን ልጅ «አጭበርባሪ» ብላ ከፈተና አዳራሽ አስወጥታለች። አሁን ስሙ ወደ እሷ ዞረ። ሦስት ዓመቷ መና መቅረቱ አንድ ነገር ነው፤ ያ ስም ማንኩሳ ከገባ ግን ከክፍል ፊት መቆሟ ይቀራል። አስራ ዘጠኝ ዓመት ስሕተት ስታድን ኖራ፣ ስሕተት በማጣቷ ተከሰሰች። ሁለት ሦስት ስሕተት እዚህም እዚያም ልነስንስበት ብላ አሰበች፣ እጇ ግን እሺ አላላትም።

ረቂቁስ? የእጅ ጽሑፉንም በቀይ ያረመችውንም፣ አስተይባ እንደጨረሰች ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ላለችው ቆሎ ሻጭ በገዛ እጇ ሰጥታታለች፣ ንጹሕ ወረቀት ነው ብላ። ደብዳቤው በመጣ በማግሥቱ በርራ ስትደርስ ምዕራፍ ሁለት ተሸጦ አልቋል። ከምዕራፍ አራት አንድ ጥቅል ቀርቶ ነበር፤ ቆሎውን ገዝታ ወረቀቱን ዘረጋችው፣ ዘይት የጠጣ የማርታ ቀብር ብቻ ተገኘ።

ሐሙስ ወፍጮ ቤት ስትደርስ ፊቷ ጠቁሮ ነበርና አያ ኪዳነ ማርያም ነገሩን አውጣጡ። ሰምተው ሲያበቁ፣ «ወረቀትሽን አምጭ ነው የሚሉሽ?» አሉ።

«ማስረጃ ነው የሚሉት።»

«ማስረጃማ ሰው ነው። ዋስ ጠይቀውሻል?»

«ኧረ የለም አያ፣ እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም።»

«ሰውን ሌባ ብሎ፣ ዋስ አለሽ ወይ ሳይል የሚፈርድ ዳኛ ከወዴት ነው የመጣ? እኔ ዋስ እሆንሻለሁ። ገብረሰንበትም ይሁን።»

በዚያ አገር ዋስ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። ዋስ የሆነ ሰው ዋስ የሆነለትን ሰው ነገር በራሱ ላይ ይወስዳል፤ ያ ሰው ቢያብል ያበለው እሱ ነው። አያ ኪዳነ ማርያም በዕድሜያቸው ዋስ የሆኑት ለአራት ሰው ብቻ ነው። እናትነሽ ዋስ የማይገባበት ነገር እንደሆነ ልታስረዳቸው ሞከረች፤ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በስልክ ነው፣ ሥርዓቱ ሌላ ነው አለች። እሳቸው ግን የትኛው ሚኒባስ ማለዳ እንደሚነሳ ገብረሰንበትን ይጠይቁ ነበር። ገብረሰንበትም ለወፍጮው ቀበቶ የሚገዛው ቡሬ ስለነበር ቶሎ እሺ አለ። ወፍጮውን ማን ይጠብቅ ሲባል፣ «አልጣሽ አለች» ተባለ።

ቀኑ ደረሰና ቡሬ ሄዱ። እናትነሽ ኢንተርኔቱ የሚታመን ነው የተባለ ሆቴል ውስጥ አንዲት ክፍል ይዛ ላፕቶፕ ተውሳ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ዶክተር ያምሮት ብቅ አለች፤ ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፣ አማርኛዋ በየሦስት ቃሉ እንግሊዝኛ የሚገባበት። ከጎኗ ባለው ሳጥን የሁለተኛው ገምጋሚ ስም ብቻ ነበር፣ ካሜራው ተዘግቶ ጥቁር።

«መምህርት እናትነሽ፣ እንጀምር። ረቂቆቹን አግኝተዋል?»

እናትነሽ ቆሎውን እንዴት እንደምትናገረው ስታስብ አያ ኪዳነ ማርያም ተነሱ። ችሎት ፊት እንደሚቆም ሰው ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። ላፕቶፑ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር ለዶክተር ያምሮት የሚታያት የታሰረ ጋቢና የዘንግ ጫፍ ነበር።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ ጋቢው። «እኔ ኪዳነ ማርያም የዚች መምህር ዋሷ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ማን ናቸው?»

«ዋሴ ናቸው» አለች እናትነሽ በቀጭን ድምፅ። «አያ፣ ይቀመጡ፣ አይታዩም።»

«ዳኛ ፊት ተቀምጨ አልናገርም። ከማዶ ደግሞ እኒያ ጨለማ ውስጥ ያሉት ማን ናቸው?»

«ሁለተኛው ዳኛ ናቸው። ካሜራቸውን አጥፍተው ነው።»

«ሰው ፊቱን ደብቆ እንዴት ይፈርዳል? ይውጡና ይዩን፣ እኛም እንያቸው።»

ጥቁሩ ሳጥን በራ። ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል ያደረገ፣ ግማሽ ፊቱ የመላጫ አረፋ የሆነ ሰው «እንደምን ዋሉ አባት» አለ። አያ ኪዳነ ማርያም አረፋውን ሳይሆን ሰላምታውን ተቀብለው ጎንበስ ሲሉ ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ገብረሰንበት ከወዲያ ወገን ላፕቶፑን ጆንያ እንደሚያነሳ ሰው ብድግ አድርጎ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው፤ እስከ መጨረሻው አላወረደውም።

ዶክተር ያምሮት ሳቋን አፍና፣ «እሺ አባቴ፣ መምህርት እናትነሽ ይህን ራሳቸው እንደጻፉት በምን ያውቃሉ?» አለች።

በምን እንደሚያውቁ ነገሯት። ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምረው ነገሯት። የአባትየውን ኑዛዜ፣ የካቡን ቁመት፣ የማርታን ሦስተኛ ደብዳቤ፣ እሌኒ በዝናብ ውስጥ አጥር ሥር ቆማ የዋለችበትን ቀን። ገብረሰንበት ከላፕቶፑ ጀርባ ሆኖ የተዘለለውን ይሞላ ነበር። ሁለተኛው ገምጋሚ አረፋው ፊቱ ላይ እስኪደርቅ ሰማ። አንድ ጊዜ ጣልቃ ገብቶ «እኔ ግን በማርታ ነው የምፈርደው» ቢል፣ ሁለቱም ባንድ ላይ መለሱለት፣ አልደገመም።

«መስኮቱስ?» አለች ዶክተር ያምሮት። «የመስኮቱን ነገር ማን ነው ያየው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ኪዳነ ማርያም።

ዶክተር ያምሮት ወረቀቷን ገለጠች። «እዚህ ላይ ግን ‹እኔ እንደምለው› ነው የሚለው። ይህ ‹እኔ› ማን ነው?»

እናትነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዋሶቿ ከማሽኑ አድነው ለሌላ ክስ አሳልፈው ሰጧት። ማሽን አልጻፈላትም፤ እሷ ግን የሰው ነገር ወስዳ የራሷ አድርጋለች፣ ከካልሲ ውስጥ ከምታወጣው ወረቀት በምን ይለያል? «ብዙ» ያለችበት አፏ አሁንም አንድ ቃል ሊያቀብላት ፈለገ። እንቢ አለችው።

«እሳቸው ናቸው ያሉት» አለች። «አፍሬ ነው ያልጻፍሁት። ሌላውን ሁሉ እኔ ጽፌዋለሁ፤ መስኮቱ ግን የሳቸው ነው።»

ሁለቱ ዳኞች ድምፃቸውን አጥፍተው ተነጋገሩ። ሲመለሱ ዶክተር ያምሮት፣ «ማሽን እንዲህ አይሰርቅም» አለች። «የማሽኑ ክስ ተነስቷል። ሁለት ሳምንት አለዎት። ከማን እንዳገኙት ጽፈው ይላኩ፣ ስሙን በማጣቀሻ ሥርዓቱ። ከዚያ እናያለን።»

ገብረሰንበት ቀበቶውን ገዝቶ ሲመለሱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ እሱ ብቻ አወራ። አያ ኪዳነ ማርያም እስከ ማንኩሳ ቃል አልወጣቸውም። እናትነሽ ደክሟቸው መሰላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ኪዳነ ማርያም በሯ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። አልገባም አሉ።

«ልጄ፣ ስሜን እንዳትጽፊው» አሉ።

«ምነው አያ? ምን ሁነው ነው?»

«ዋስ ሁኘ ዋሽቻለሁ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም። መስኮቱን ያልሁት እኔ አይደለሁም፤ አልጣሽ ናት። ዱቄቴን ስታራግፍልኝ በጆሮየ ነው ያለችኝ። እኔ ጮክ ብየ ደገምሁት፣ ሰዉም የኔ አደረገው፣ እኔም ዝም አልሁ። ዝም ስል ከረምሁና የኔ መሰለኝ። እዚያ ዳኞቹ ፊት ‹እኔ ነኝ› ስል ነው ከአፌ ሲወጣ የሰማሁት።»

እናትነሽ ጎንበስ ብላ ዱቄት ያራገፈችው ሴት ትዝ አለቻት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይታለች፤ ስለ ዱቄቱ ነው ብላ ያለፈችው እሷ ራሷ ናት። በራሷ ተናደደች።

ሐሙስ እስኪደርስ አልጠበቁም፤ በማግሥቱ ሁለቱም ወፍጮ ቤት ሄዱ። አልጣሽ ጥግ ላይ ሰፌዷን ይዛ ነበር። አያ ኪዳነ ማርያም ከሷ ፊት ቆመው በሰው ሁሉ መካከል ያጠፉትን ተናገሩ፤ ጋቢያቸውን እንደ ቡሬው ቀን አደግድገው። አልጣሽ ያበጠረችውን ወደ እንቅቡ ገለበጠች።

«ምን ቸገረዎ አያ» አለች። «ዋናው ነገሩ መነገሩ ነው።»

«አልጣሽ፣ አንች እንዴት አየሽው?» አለች እናትነሽ። «ስንቱ ሊቅ አላየውም።»

«እኔ ቡሬ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጌትየው መስኮት ሥር ቁጭ ብለው ይጽፉ ነበር፣ መስኮቱን የምወለውለው እኔ ነበርሁ። እንግዳ ሲመጣ ከየት ይቀመጣል፣ ባለቤት ከየት ይቀመጣል፣ ለይቸ አውቃለሁ። ያ ፖስተኛ ጠረጴዛዬ አለ። እንግዳ የሰውን ጠረጴዛ ጠረጴዛዬ አይልም።»

እናትነሽ ቀይ እስክሪብቶዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሌላ አልነበራትም። ይህ የጠረጴዛው ነገር ደግሞ ጽሑፏ ውስጥ ጭራሽ የለም። «የአባትሽን ስም ንገሪኝ» አለች።

«ይግዛው ነው። ለምንሽ ነው?»

አልጣሽ ይግዛው። ሁለት ጊዜ አስደገመቻት፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፈው ስሕተት እንዳይገባበት። አያ ኪዳነ ማርያም ከዘንጋቸው ጋር ትንሽ አሰቡና፣ የዋስነቱን ነገር ግን የሆነ ቦታ ልታሰፍረው ትችል እንደሆነ በዝግታ ጠየቁ። መቅድሙ ላይ ለሁለቱም ዋሶች ቦታ አገኘችላቸው።

ጽሑፉ አለፈ። ከአንድ ወር በኋላ እናትነሽ ያስጠረዘችውን ይዛ ወፍጮ ቤት መጣች፤ መብራት ጠፍቶ ሁሉም ጆንያው ላይ ነበር። የማጣቀሻውን ዝርዝር ገልጣ አልጣሽ ፊት ዘረጋችው። አልጣሽ እጇን ከቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ዱቄቱ ግን አልለቀቃትም፤ የእናትነሽን ጣት ተከትላ ጣቷን ስሟ ላይ አሳረፈች።

«ይኸ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ከሥሬ ያለውስ ማን ነው?»

«አንድ የእንግሊዝ ፕሮፌሰር ነው። ስለ መጽሐፉ ብዙ ጽፏል።»

«እሱ ምን አለ?»

«ያጠፋችው ማርታ ናት አለ።»

አልጣሽ ስሙን ትንሽ አየችው። አላሳቃትም፣ አዘነችለት።

«መስኮት ወልውሎ አያውቅማ» አለችና ሰፌዷን አነሳች።